ከአሥር ነዋሪ አንዱ ብቻ ሐበሻ በሆነበት ሰፈር መወዳደር ያዋጣል?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ ብዙ ዘርና ብዙ ቋንቋ ተቀላቅሎ በሚኖርበት አካባቢ ከአነስተኛው ማኅበረሰብ የወጣ ዕጩ እንዴት ነው የሚቀሰቅሰው? አብዛኞቹ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከእስራኤል የመጡ ናቸው። መልሶቹን ያዘጋጁት በምርጫ ቅስቀሳና በመራጮች ምዝገባ ሥራ ላይ ያሉ የአምዱ ጸሐፊዎች ናቸው። ደንቡ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይና በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ገንዘብና ፊርማን በሚመለከት ከመንቀሳቀስዎ በፊት የአካባቢዎን የምርጫ ቢሮ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለከተማ ምክር ቤት ልወዳደር አስቤአለሁ። በምኖርበት የምርጫ ክልል ሐበሻው ቢበዛ ከአሥር አንድ ነው፤ የቀረው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ላቲኖ፣ ቬትናማዊና ነጭ ነው። ወዳጆቼ «የኛ ሰው ሁሉ ከጎንህ ነው፣ ግባበት» ይሉኛል። የኛ ሰው ድጋፍ ይበቃል ወይ? (አንባቢ፣ ሲያትል)

መልስ፦ አይበቃም። ይህን ስንል ግን አይወዳደሩ ማለታችን አይደለም። መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ።

ለምሳሌ በክልሉ 50,000 ሰው ይኖራል፣ ከዚህ ውስጥ 30,000 ያህሉ በመራጭነት ተመዝግቧል እንበል። ካለፈው ተመሳሳይ ምርጫ ላይ ስንት ሰው ድምፅ እንደሰጠ ይፈልጉ። «ተመሳሳይ» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት የወጣውን ቁጥር ለከተማ ምርጫ ከወሰዱ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል፤ ለፕሬዚዳንት የሚሰለፈው ሰው ብዙው ለምክር ቤት አይወጣም። 30 በመቶው ወጥቶ ከነበረ 9,000 ድምፅ ማለት ነው። ሁለት ዕጩ ብቻ ካለ ለማሸነፍ 4,501 ያስፈልጋል፤ ብልህ ዕጩ ግን ለ4,900 ይዘጋጃል። በቀስቃሽ ቡድኖች ዘንድ ይህ የማሸነፊያ ቁጥር ይባላል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ወገን እንምጣ። ከ50,000 ነዋሪ 5,000 ሐበሻ ቢሆን ሕፃናቱን ይቀንሱ፤ ግሪን ካርድ ላይ ያለውን፣ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለውንም ይቀንሱ። ለአቅመ መራጭነት የደረሰው ዜጋ 2,000 ቢሆን፣ ከእነዚህ የተመዘገበው 1,400 ቢሆን፣ እንደ ሌላው 30 በመቶው ቢወጣ 420 ድምፅ ነው። ጠንክረው ሠርተው በእጥፍ ቢያሳድጉት እንኳ 840 ይሆናል። የቀረውን ከ4,000 በላይ ድምፅ የሚሰጥዎት ስምዎን በትክክል መጥራት የሚቸገር ሰው ነው። በአዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ የተታለሉ ዕጩዎች የወደቁት ይህን ቅናሽ አስቀድመው ባለመሥራታቸው ነው፤ ካጨበጨበው ሰው ግማሹ የሚኖረው ሌላ ክልል ውስጥ ነው።

ታዲያ የወገን ጥቅሙ ምንድን ነው? ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከድምፅ ቁጥሩ በላይ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ በጎ ፈቃደኞች፣ የመጀመሪያው ፊርማ ከወገን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሌላው ሰው ደጃፍ የሚያልፍ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ኤድዋርድ ሮይባል በ1947 ለሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ተወዳድረው ወደቁ። ክልላቸው ሜክሲኳዊ፣ አይሁዳዊ፣ ጃፓናዊና ጥቁር የተቀላቀለበት ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ደጋፊዎቻቸው አልተበተኑም፤ የማኅበረሰብ ድርጅት አቋቁመው ቤት ለቤት እየዞሩ በሺህ የሚቆጠር አዲስ መራጭ አስመዘገቡ፣ ሮይባልም በ1949 አሸነፉ። በዚያው ከተማ ቶም ብራድሊ በ1969 ለከንቲባነት ሲወዳደሩ ጥቁሩ ነዋሪ ከመቶ 18 ገደማ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዙር መሩ፣ በሁለተኛው ዙር ተፎካካሪያቸው ሳም ዮርቲ በነጩ መራጭ ላይ ፍርሃት ስለነዙ ተሸነፉ። በ1973 ግን ያንኑ ሰው አሸንፈው 20 ዓመት በከንቲባነት ቆዩ። ጥቁር፣ አይሁዳዊና ላቲኖ መራጭ አንድ ላይ ያቆመው ጥምረት የአንድ ክረምት ሥራ አልነበረም።

ለእርስዎ ቅርብ የሆነውን ካነሳን ደግሞ ከኢትዮጵያውያን ስደተኛ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለዱት ግርማይ ዛህላይ በ2019 የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤትን ሁለተኛ ክልል ያሸነፉት ከ25 ዓመት በላይ ወንበሩን ይዘው የቆዩትን፣ በጥቁሩ ማኅበረሰብ ዘንድ እጅግ የተከበሩትን ላሪ ጎሴትን ነው። በ2025 ደግሞ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆነው ተመረጡ። እንዲህ ያለ ክልል ሐበሻ ለብቻው ሊሰጠው የሚችለው ወንበር አይደለም።

ጥያቄ፦ የሌላ ዘር ሰው በር ሳንኳኳ ምን ብዬ ልጀምር? ዘዬዬ (አክሰንቴ) ያስፈራኛል። (አንባቢ፣ ሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ በሩ ከመንኳኳቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። የመራጮችን መዝገብ ከምርጫ ቢሮ ወይም ከፓርቲዎ ያገኛሉ። መዝገቡ ስም፣ አድራሻ፣ ብዙ ቦታም ዕድሜ፣ እንዲሁም ሰውየው በየትኞቹ ምርጫዎች እንደወጣ ያሳያል። ማንን እንደመረጠ ግን አያሳይም፤ ይህን ለሚፈሩ አባቶችና እናቶች ደግመው ደጋግመው ይንገሯቸው። ካለፉት አራት ምርጫዎች በሁለቱና ከዚያ በላይ የወጡትን ይለዩና ከእነሱ ይጀምሩ። በየቤቱ ሁሉ የሚዞር ቡድን ግማሽ ጊዜውን የሚያጠፋው በማይመርጥ ሰው ደጃፍ ነው።

አንድ በጎ ፈቃደኛ በሦስት ሰዓት ውስጥ 50 በር ያህል ያንኳኳል፤ የሚከፈትለት ከ12 እስከ 15 ቢሆን ጥሩ ቀን ነው። 6,000 ሰው ማነጋገር ካስፈለገ ወደ 460 የሦስት ሰዓት ፈረቃ ይጠይቃል። በ20 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 23 ፈረቃ ነው። ይህን ቁጥር ለቡድንዎ ሲነግሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ግን በነሐሴ ቢመጣ ይሻላል፣ በጥቅምት ከሚመጣ።

በር ላይ ሲደርሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ይቁሙ፤ ስምዎን በዝግታ ይናገሩ፣ በወረቀቱም ላይ አነባበቡን ያስጽፉ። ከዚያ ስለራስዎ ታሪክ ሳይሆን ስለዚያ መንገድ ይናገሩ፤ አውቶቡሱ ስለቀረበት ፌርማታ፣ መብራት ስለሌለው መሻገሪያ፣ ስለ ኪራይ። «በዚህ ሰፈር እንዲስተካከል የሚፈልጉት አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ከሦስት ደቂቃ በላይ አይቆዩ። ሲወጡ ወዲያው ይመዝግቡ፤ 1 በእርግጠኝነት የሚመርጥዎ፣ 3 ያልወሰነ፣ 5 ለሌላው የወሰነ። ሚኒቫንን የመሰለ የስልክ መተግበሪያ ካለዎት እዚያው ይግባ፣ ከሌለ ወረቀቱ ላይ። ማታ ቤት ገብቶ ከትዝታ የሚሞላ ቅጽ ሁሉም ሰው 1 ሆኖ ይወጣበታል፤ በምርጫው ዕለት ማንን መቀስቀስ እንዳለብዎ የማያውቁት በዚህ የተነሳ ነው።

ዘዬው አያስፈራዎ። መራጩን የሚያርቀው ዘዬ ሳይሆን ዕጩው ስለ ሰፈሩ አለማወቁ ነው። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እንመክራለን፤ በእያንዳንዱ ማኅበረሰብ ዘንድ አብሮዎት የሚዞር የዚያው ማኅበረሰብ ሰው ይኑር። ለፎቶ የሚጠራ ሰው ማለታችን አይደለም፤ የቅስቀሳው ዕቅድ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ፣ «ይህ አይሆንም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የላቲኖውን ሰፈር በመስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ ታኮ በልቶ የሚሄድ ዕጩን ሰፈሩ ለይቶ ያውቀዋል።

በራሪ ወረቀት በፖስታ ሳጥን ውስጥ አይክተቱ። ያለ ቴምብር እዚያ ማስገባት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የበር እጀታ ላይ ይንጠልጠል።

ጥያቄ፦ በክልላችን ሁለት ሐበሾች ለአንድ ወንበር ሊወዳደሩ ነው። ሽማግሌዎች አንዱ ይልቀቅ ብለው ተሰብስበዋል። ድምፁ ይከፈላል ብለን ሰግተናል። (አንባቢዎች፣ ሴንት ፖል)

መልስ፦ ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መፍትሔው ግን በሽማግሌ ብቻ አይገኝም። መጀመሪያ የምርጫውን ዓይነት ይለዩ። በእናንተ ከተማም በሚኒያፖሊስም የከተማ ምርጫ በደረጃ የሚመረጥበት ነው፤ መራጩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ያስቀምጣል። እዚያ ሁለት ዕጩ መኖሩ የሚያጠፋው እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ነው። «እኔን አንደኛ፣ እርሷን ሁለተኛ» ብሎ በአደባባይ መናገር ይቻላል፤ መራጩ አንድ ብቻ ምልክት አድርጎ እንዳይተው ግን በናሙና ወረቀት ያሳዩት። አባቶች ብዙ ጊዜ «ሁለተኛ ካልኩ የመጀመሪያውን ያዳክማል» ብለው ያስባሉ። አያዳክምም፤ ሁለተኛው ምርጫ የሚቆጠረው አንደኛው ከወደቀ በኋላ ነው።

በደረጃ በማይመረጥበት ቦታ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ በሚያልፍበት ፕራይመሪ (የፓርቲ ዕጩ በሚለይበት ቅድመ ምርጫ)፣ ነገሩ ይለያል። በ2016 ለሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት በሚኒያፖሊስ ክልል 60ለ ኢልሃን ኦማርና መሐሙድ ኑር፣ ሁለቱም የሶማሌ ተወላጆች፣ 44 ዓመት ወንበሩን ይዘው የቆዩትን ፊሊስ ካንን ገጥመው ነበር። በስሌት ሁለቱ ተከፋፍለው ካን ማለፍ ነበረባቸው። ነገር ግን ኦማር 41 በመቶ ገደማ አግኝተው አሸነፉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 30 በመቶ ገደማ ላይ ቀሩ። ክልሉ ሶማሌዎች በብዛት የሚኖሩበትን ሴዳር ሪቨርሳይድን ብቻ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲውንም ይዟል፤ ከተማሪውና ከነጩ ሊበራል መራጭ ድምፅ ያላገኘ ዕጩ በሶማሌው ድምፅ ብቻ እዚያ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ አንድ ጥያቄ ያቅርቡላቸው፤ ከሁለቱ ዕጩዎች ከሐበሻ ውጭ ስንት ስም ያለው ደጋፊ አለው? በስምና በስልክ ዝርዝር ያምጡ። የየትኛው ቀበሌ ልጅ ነው፣ የማን ዘመድ ነው ከሚለው ይልቅ ይህ ዝርዝር ይፍረድ።

ጥያቄ፦ የትውልድ አገሬ ፖለቲካ ተከትሎኝ መጥቷል። አንዱ ቡድን «አቋምህን ግለጽ» ይለኛል፣ ሌላው እንዳልገልጽ ያስጠነቅቀኛል። የምወዳደረው ለትምህርት ቦርድ ነው። (አንባቢ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንመልሳለን፤ ከሁሉም ጥያቄ ይልቅ ዕጩን የሚያደክመው ይህ ነውና።

«የምወዳደረው ለትምህርት ቦርድ ስለሆነ አይመለከተኝም» የሚለው መልስ እውነት ነው፣ ግን አይሠራም። የሚጠይቅዎት ሰው ወንድሙን የቀበረ፣ እናቱ የተፈናቀለችበት ሊሆን ይችላል። መልሱ በቁጣ ወይም በፈገግታ ከተሰጠ ያን ቤተሰብ ለዘለቄታው አጡት። መጀመሪያ ሐዘኑን ይቀበሉ፣ ከማንኛውም ወገን ይሁን። ቀጥሎ ወንበሩ ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገሩ። የትምህርት ቦርድ ጦርነት አያቆምም፤ ነገር ግን ከጦርነት የመጣ ልጅ በትምህርት ቤት የሥነ ልቦና አማካሪና አስተርጓሚ እንዲያገኝ በጀት ማጽደቅ ይችላል። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይቃሉ።

ይህን በአንድ ገጽ ይጻፉት። ከአማራው፣ ከኦሮሞው፣ ከትግራዩ፣ ከኤርትራዊው፣ ከጉራጌው ወገን አንድ አንድ የሚያምኑት ሰው ያንብበውና የሚያስቀይም ቃል ካለ ይንገርዎ። ከተስማማ በኋላ በሁሉም ክፍል ያንኑ ብቻ ይናገሩ። ዕጩዎች የሚወድቁበት ቦታ በጣም የታወቀ ነው፤ ቀን በእንግሊዝኛ መድረክ ላይ ስለ አንድነት ይናገራሉ፣ ሌሊት በአማርኛ የቀጥታ ስርጭት ላይ አስተናጋጁ ሲያሞቃቸው ሌላ ነገር ይወጣቸዋል። ያች የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በማግስቱ ትርጉም ተደርጎባት ከተፎካካሪው እጅ ትገባለች። በአማርኛ የማይናገሩትን በእንግሊዝኛ አይናገሩ፣ በእንግሊዝኛ የማይናገሩትንም በአማርኛ አይናገሩ።

ሰንደቅ ዓላማም ያስቡበት። በቅስቀሳ ስብሰባ ላይ የሚሰቀል የትኛውም የአገር ቤት ባንዲራ ግማሹን ሰው ከበር ይመልሳል። የምርጫ ክልልዎን ካርታ ይስቀሉ።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድን በተመለከተ፦ ከግብር ነፃ የሆኑ የእምነት ተቋማት ለአንድ ዕጩ እንዳይቀሰቅሱ የሚከለክለው ድንጋጌ ከ1954 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ስለዚህ አባ ከመድረክ ላይ «ልጃችንን ምረጡ» እንዲሉ አይጠይቁ። ሁሉንም ዕጩ የሚጋብዝ መድረክ፣ የመራጭ ምዝገባ ጠረጴዛ፣ ከቅዳሴ በኋላ በውጭ እጅ መጨባበጥ ይፈቀዳል። ምዝገባው ላይ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ዜጋ ያልሆነን ሰው በስህተት እንኳ ማስመዝገብ የዜግነት ጥያቄውን ሊያሰናክልበት፣ ከዚያም የከፋ ሊያመጣበት ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ቅጹን ከመዘርጋቱ በፊት «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ እማማ ቅር እንዳይላቸው ብሎ ጥያቄውን መዝለል እሳቸውን መጉዳት ነው። እንደ ሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ያሉ ጥቂት ከተሞች ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ፤ ያ ግን ለዚያ ምርጫ ብቻ ነው፣ መዝገቡም የተለየ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት አዘጋጅተናል። እንደ ዕቁብ ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ሰብስበን ብንሰጣት ችግር አለው? (የድጋፍ ኮሚቴ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አዎ፣ ችግር አለው። እያንዳንዱ ብር ሰጪ፣ ስም፣ አድራሻና ቀን ያስፈልገዋል፤ ብዙ ቦታ ሥራና አሠሪም ይጠየቃል። የአሥር ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ በአንድ ሰው ስም ቼክ ሲጻፍ በሌላ ሰው ስም መስጠት ይባላል፤ በወንጀል ያስጠይቃል። ቅን ልብ ሆኖ መደረጉ አያድንም። ለጥሬ ገንዘብ ደግሞ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ዝቅተኛ ጣሪያ አለው፤ በፌዴራል ምርጫ ከአንድ ሰው 100 ዶላር ነው።

ማን ሊሰጥ ይችላል የሚለውን በደንብ ይያዙ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ባይችልም ማዋጣት ይችላል። በጎብኚ ቪዛ ያለ፣ በተማሪ ቪዛ ያለ፣ ጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ሰው አይችልም። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ያለ አሜሪካዊ ዜግነት የሌለው ወንድም የላከው ገንዘብም አይገባም፤ በእህቱ እጅ አልፎ ቢመጣም ያው ነው። ሬስቶራንቱ ምግቡን በነፃ ከሰጠ ዋጋው ተገምቶ እንደ መዋጮ ይመዘገባል። ስለዚህ በሩ ላይ ቅጽና እስክሪብቶ የያዘ አንድ ሰው፣ ከእሱ ሌላ ገንዘብ የሚቀበል ሁለተኛ ሰው ይቁም፤ ቅጹን ያልሞላ እንግዳ እራቱን ይብላ እንጂ ገንዘቡ አይወሰድበት።

የሕዝብ ገንዘብ ድጋፍ ባለባቸው ከተሞች ለእኛ ዓይነቱ ማኅበረሰብ ትልቅ ዕድል አለ፤ እምብዛም አይጠቀሙበትምና እናስምርበት። በሲያትል እያንዳንዱ ብቁ ነዋሪ 25 ዶላር የሚያወጡ አራት ቫውቸሮች ያገኛል፤ ለከተማ ዕጩ ይሰጣል። ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪም ይፈቀድለታል። መምረጥ የማይችሉት የቤተሰብ አባላት በዚህ መንገድ ይሳተፋሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ፕሮግራሙ ውስጥ የገባ ዕጩ ከዲሲ ነዋሪ ለሚያገኘው ለእያንዳንዱ ትንሽ መዋጮ አምስት እጥፍ ከከተማው ይጨመርለታል፤ 20 ዶላር 120 ሆነች ማለት ነው። በእናንተ በሞንትጎመሪ ካውንቲም ትናንሽ መዋጮን የሚያባዛ ፕሮግራም ከ2018 ምርጫ ጀምሮ ይሠራል። ከሀብታም አንድ ሺህ ከመለመን ሃምሳ ነርስና ሾፌር ማነጋገር የሚያዋጣው እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በራሪ ወረቀቱን በአማርኛ አሳተምን፤ ብዙ ሰው ግን በምርጫው ዕለት ተሳስቶ መጣ። ምን አጠፋን? (አንባቢ፣ ዲሲ)

መልስ፦ ወረቀቱን ልከውልናል፤ አየነው። «የምርጫ ጣቢያ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት» ይላል። የጻፈው ሰው በአበሻ ሰዓት ከጠዋቱ አንድ እስከ ምሽቱ ሁለት ማለቱ ነው፤ ልክ ነው። የስልክ ሰዓት የለመደ ወጣት ግን ከቀኑ ሰባት እስከ ስምንት፣ ማለትም የአንድ ሰዓት ጊዜ ብቻ ያለ መስሎታል። ሁለቱንም ይጻፉ፤ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት (በስልክዎ 7:00 ጠዋት) እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት (በስልክዎ 8:00 ማታ)»። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ከሳምንቱ ቀን ስም ጋር ይሁን።

ሁለተኛው ጥፋት የኅትመት ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ «ሿ» እና «ቷ» ያሉባቸው ቦታዎች ባዶ ሳጥን ሆነው ወጥተዋል። ማተሚያ ቤቱ የተሟላ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ፊደሉ በፒዲኤፍ ውስጥ ተካትቶ ይላክ፣ 500 ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና ታትሞ አማርኛ የሚያነብ ሰው ከላይ እስከ ታች ያንብበው። ለአረጋውያን ከ13 ነጥብ በታች የሆነ ፊደል አይሁን።

የምርጫው ዕለት ርዳታን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ። በ1965ቱ የመራጭነት መብት ሕግ ላይ በተጨመረው አንቀጽ 208 መሠረት ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳት ያለበት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ ልጁንም ጎረቤቱንም። የማይፈቀድለት አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪልና የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ናቸው። የዕጩ ፎቶ ያለበትን ከነቴራ ለብሰው ግን አይግቡ። ከምርጫ ጣቢያ ደጅ የቅስቀሳ ክልከላው በዲሲ 50፣ በሜሪላንድ 100፣ በቨርጂኒያ 40 ጫማ ነው።

በፖስታ በሚመረጥበት በዋሽንግተን ግዛት ሌላ ወጥመድ አለ፤ ፊርማ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በእንግሊዝኛ ፈርመው ፖስታው ላይ በአማርኛ ከፈረሙ ፊርማው አይመሳሰልም፣ ድምፁም ይቆያል። የምርጫ ቢሮው ደብዳቤ ይልካል፤ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ካስተካከሉ ይቆጠራል። ደብዳቤውን እንደ ማስታወቂያ ወርውረው የሚቀሩት ብዙ ናቸው። የቅስቀሳ ቡድኑ ድምፃቸው የተያዘባቸውን መራጮች ዝርዝር ከካውንቲው እየጠየቀ ሊደውልላቸው ይገባል፤ በጥቂት ድምፅ በሚለያይ ምርጫ ይህች የስልክ ጥሪ ወሳኝ ናት።

ጥያቄ፦ በእስራኤል ለብቻችን ፓርቲ አቋቁመን ብንወዳደር አይሻልም? (አንባቢ፣ ነታንያ)

መልስ፦ ለክኔሴት (ለእስራኤል ፓርላማ) ከሆነ አይሻልም። ለመግባት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ድምፅ ከጠቅላላው 3.25 በመቶ ነው፤ በ2022 ምርጫ ወደ 155,000 ድምፅ ማለት ነበር። የቤተ እስራኤል መራጭ ሁሉ ወጥቶ ለአንድ ዝርዝር ቢመርጥ እንኳ እዚያ አይደርስም፤ የተሞከሩት ዝርዝሮችም አላለፉም። እስካሁን የገቡት በትልልቅ ፓርቲዎች ዝርዝር ውስጥ ቦታ ያገኙት ናቸው፤ አዲሱ መሰለ በ1996 በሌበር፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 በዬሽ አቲድ፣ እሳቸው በ2020 ደግሞ ሚኒስትር ሆኑ። ስለዚህ ሥራው ፓርቲ ውስጥ ገብቶ አባል ማስመዝገብ፣ ፕራይመሪ ባለበት ፓርቲ የአባላቱን ቁጥር ይዞ መደራደር ነው፤ ፕራይመሪ በሌለበት ግን መሪው ስለሚወስን ቦታው ተስፋ ሳይሆን በግልጽ ቁጥር ይጠየቅ። አምስተኛና አርባኛ ቦታ አንድ አይደሉም።

በከተማ ምርጫ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ለምክር ቤት ወንበር የሚያስፈልገው ድምፅ ትንሽ ነው፣ 17 ዓመት የሞላው ወጣት ይመርጣል። ኢትዮጵያውያን በብዛት ባሉባቸው ከተሞች ራሱን የቻለ ዝርዝር ወይም ከሌላ ሰፈር ዝርዝር ጋር ጥምረት ያስኬዳል፤ ለከንቲባነት ከሚወዳደረው ጋር ከምርጫው በፊት በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ይኑር።

ጥያቄ፦ ምንም ሥልጣን ይዤ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር? (ወጣት አንባቢ፣ ዲሲ)

መልስ፦ ከሰፈር አማካሪ ኮሚሽን። ዲሲ ውስጥ አንድ ኮሚሽነር የሚወክለው 2,000 ያህል ነዋሪ ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ የአገልግሎት ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ለመወዳደር 25 የተመዘገቡ መራጮች ፊርማ ይበቃል፤ በከተማው ምክር ቤት አንድ ዎርድን (የከተማውን አንድ ክፍል) ለሚወክል ወንበር ግን 250 ነው። ሁልጊዜ ከሚጠየቀው እጥፍ ይሰብስቡ። ፊርማ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ፤ ፈራሚው ቤት ቀይሮ አድራሻውን አላሳደሰም፣ ሰፈሩ ከክልሉ ውጭ ነው፣ ወይም ጨርሶ አልተመዘገበም። ሬስቶራንት ውስጥ የተሰበሰበ ፊርማ ብዙው ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ለእራት የመጣ ሰው ነው። በመዝገቡ ላይ ባሉት አድራሻዎች እየሄዱ በር ላይ ያስፈርሙ።

ትንሽ ከተማም አይናቁ። የጋምቤላው ተወላጅ ኦባላ ኦባላ ከኬንያ ስደተኞች ካምፕ ወጥተው በስጋ ማቀነባበሪያ በምትታወቀው ኦስቲን፣ ሚኒሶታ በ2020 ለከተማው ምክር ቤት ተመርጠዋል፤ ዜግነት ባገኙ በዓመቱ ገደማ። አኙዋክ ብቻውን ኦስቲን ውስጥ ማንንም ወንበር ላይ ማስቀመጥ አይችልም።

የኮሚሽኑ ስብሰባ በየወሩ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስምዎን ከማስመዝገብዎ በፊት ሦስቱን ይገኙ፤ ማን በየትኛው ጉዳይ እንደሚነሳ፣ የመጠጥ ፈቃድና የመኪና ማቆሚያ ክርክር እንዴት እንደሚሄድ ይጻፉ። በሦስተኛው ስብሰባ ተነስተው ስለ አንዱ ጉዳይ ሁለት ደቂቃ ይናገሩ።